የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን በደም ሥር መስጠት

የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን በደም ሥር መስጠት ማለት በአንጎል ውስጥ የሚነሣን ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚገቱ መድኃኒቶችን፣ በሚዋጥ ክኒን ፋንታ፣ በመርፌ ወይም ከከረጢት በሚንጠባጠብ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ደም ማስገባት ነው። በሆስፒታል ውስጥ ዘዴው በዋናነት ለሦስት ዓይነት ሕሙማን ያገለግላል፤ መንቀጥቀጡ አልቆም ላለው ሰው፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ሲወስድ ቆይቶ መዋጥ ለተሳነው ሰው፣ እንዲሁም በሌላ መድኃኒት ላልተሻለው ብርቱ የማይግሬን ራስ ምታት። ሦስቱ ጉዳዮች አንድ ዓይነት መድኃኒት ቢጋሩም በአጣዳፊነታቸውም ሆነ በማስረጃቸው ጥንካሬ በጣም ይለያያሉ። በመጀመሪያው ደቂቃ ይቆጠራል፤ በመጨረሻው ግን መድኃኒቱ ራሱ ከተራው በኋላ የሚመጣ ምርጫ ነው።

መድኃኒቶቹ ስማቸውን ያገኙት ከሚጥል በሽታ ቢሆንም የሚያደርጉት መንቀጥቀጡን ማስቆም ወይም እንዳይመለስ መከላከል እንጂ በሽታውን ከሥሩ መንቀል አይደለም። የሚሰጣቸውም ሰው ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት ማለት አይደለም። የማጅራት ገትር፣ በአንጎል ላይ የደረሰ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የደም ስኳር መውረድ ወይም ስትሮክ ከዚያ በፊት ወድቆ የማያውቅን ሰው ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት መጠኖች አሠራሩን ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው፤ ለአንድ ሕመምተኛ የሚገባውን መጠን የሚወስነው የሚያክመው ሐኪም ነው።

ለምን በደም ሥር?

የተዋጠ ክኒን ወደ አንጎል ለመድረስ ረጅም መንገድ ይሄዳል። በጨጓራ ይሟሟል፣ በአንጀት ይመጠጣል፣ በጉበት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መላው ሰውነት የሚሰራጨው። በዚህ ጉዞ ብዙ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ያልፋሉ፤ ከመድኃኒቱም የተወሰነው በመንገድ ይቀራል። የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ጭራሹን መዋጥ አይችልም። በአፉ የሚገባ ማንኛውም ነገር፣ ውሃም ቢሆን፣ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ይገባል፤ እንደ ዳያዜፓም ያሉ በስብ በቀላሉ የሚሟሙ መድኃኒቶች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንጎል ይደርሳሉ።

ጥቅሙ ራሱ አደጋውን ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ወደ ደም የገባን መድኃኒት መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ከፍተኛ መጠን ያለው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ልብ ላይ ቢደርስ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ የደም ግፊትን ሊጥል ወይም መተንፈስን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በደም ሥር ሕክምና ውስጥ «ስንት ሚሊግራም?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «በስንት ደቂቃ?» የሚለው ይጠየቃል።

የአምስት ደቂቃው መስመር

አብዛኛው መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ያበቃል። በአገራችን ክብሪት ጭሮ ጭሱን ለወደቀው ሰው ማሽተት የተለመደው፣ ይሠራል ተብሎም የሚታመነው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ ክብሪቱ ተፈልጎ እስኪጫር ድረስ ሕመሙ የራሱን ጊዜ ጨርሶ ይቆማል። ጭሱ በአንጎል ውስጥ ያለውን ነገር አይለውጥም። በዚያች ጊዜ የሚጠቅመው ሰውየውን በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱን ከጠንካራ ነገር መጠበቅ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለማስገባትና ሰዓት መመልከት ነው።

ሰዓት መመልከት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሰውየው በመካከሉ ሳይነቃ ደጋግሞ ከመጣ፣ በሕክምና ስሙ ስታተስ ኤፒለፕቲከስ ይባላል፤ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል። ቀድሞ ይህን ስም ለመስጠት 30 ደቂቃ ይጠበቅ ነበር። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ በ2015 ባወጣው ትርጉም ሁለት የጊዜ መስመሮች አሉ። ለዚህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ 5 ደቂቃ ሕክምና የሚጀመርበት ሲሆን፣ 30 ደቂቃ ደግሞ በአንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት የሚያሰጋበት ነው።

መዘግየት ለምን እንደሚጎዳ በነርቭ ሴሎች ደረጃ ይታወቃል። አንጎልን የሚያረጋጋው ዋነኛ ኬሚካል ጋባ ይባላል፤ የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች የሚሠሩትም የጋባ ተቀባዮችን በማገዝ ነው። መንቀጥቀጡ በቀጠለ ቁጥር ግን የነርቭ ሴሎች እነዚህን ተቀባዮች ከላያቸው ላይ አንሥተው ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ በአንጻሩ አንጎልን የሚያነቃቁት ተቀባዮች በሴሉ ገጽ ላይ ይበዛሉ። በ5ኛው ደቂቃ የሚያስቆም መድኃኒት በ40ኛው ደቂቃ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ የሚይዘው ነገር ግን ቀንሷል።

የመጀመሪያው መርፌ፦ ቤንዞዲያዜፒኖች

በሁሉም መመሪያዎች ማለት ይቻላል መጀመሪያ የሚሰጡት ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። ከእነርሱ ሎራዜፓም በደም ሥር ለእያንዳንዱ ኪሎግራም ክብደት 0.1 ሚሊግራም ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ከ4 ሚሊግራም ሳያልፍ ይሰጣል፤ ካስፈለገ አንድ ጊዜ ይደገማል። ዳያዜፓምም በፍጥነት ይሠራል፤ ነገር ግን ከአንጎል ወጥቶ ወደ ሰውነት ስብ ስለሚሰራጭ መንቀጥቀጡን የሚገታው ለአጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ዳያዜፓም ሰጥቶ «ቆመ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ቆየት የሚል ሌላ መድኃኒት መከተል አለበት። በሌላ በኩል ሎራዜፓም መርፌ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ዳያዜፓም አይፈልግም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የሚንቀጠቀጥን ክንድ ይዞ የደም ሥር ማግኘት ግን ሁልጊዜ አይሳካም። በ2012 የታተመ የአሜሪካ የአምቡላንስ ጥናት በጡንቻ የተወጋ ሚዳዞላምን በደም ሥር ከተሰጠ ሎራዜፓም ጋር አወዳድሮ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ መንቀጥቀጣቸው ቆሞ የነበረው ሚዳዞላም ከተወጉት 73 በመቶ፣ ሎራዜፓም ከተሰጣቸው 63 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ሎራዜፓም አንዴ ከገባ በኋላ ፈጣን ነበር፤ የደም ሥሩን ለማግኘት የጠፋው ጊዜ ግን ጥቅሙን በላው። ሚዳዞላም በውሃ ስለሚሟሟ ከጡንቻ በፍጥነት ይመጠጣል። ዳያዜፓም ከጡንቻ የሚመጠጠው ቀስ ብሎና በማይታመን መጠን ስለሆነ በዚህ መንገድ አይመከርም፤ የደም ሥር ከጠፋ በፊንጢጣ ይሰጣል።

በዚህ ደረጃ የተለመደው ስሕተት መተንፈስ እንዳይቆም በመፍራት ከሚገባው ያነሰ መጠን መስጠት ነው። የመተንፈስ ስጋት እውነት ነው፤ ኦክስጅንና መተንፈሻ አጋዥ ፊኛ አጠገብ የሚዘጋጁትም ለዚሁ ነው። ይሁንና ሳይገታ የቀጠለ መንቀጥቀጥ ራሱ መተንፈስን ያውካል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ የትኛው ይሻላል?

ቤንዞዲያዜፒን ካላስቆመው፣ ወይም አስቁሞም እንዳይመለስ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራ መድኃኒት ይከተላል። ለብዙ ዓመታት ይህ ቦታ የፌኒቶይን ነበር። ፌኒቶይን መንቀጥቀጥን እንደሚገታ በ1938 ያሳወቁት ሂውስተን ሜሪትና ትሬሲ ፑትናም ሲሆኑ፣ ቀድመው የሞከሩት በድመቶች ላይ ነበር። ቫልፕሮኤት ደግሞ ከ1882 ጀምሮ የሚታወቅ ኬሚካል ሆኖ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ ሌሎች መድኃኒቶችን ለማሟሟት ሲጠቀሙበት ነው ራሱ መንቀጥቀጥን እንደሚከላከል የታወቀው። ሌቬቲራሴታም ከሦስቱ አዲሱ ነው።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቶ በ2019 በታተመ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት ቀጥተኛ መልስ አገኘ። ቤንዞዲያዜፒን ያላስቆመላቸው ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ሌቬቲራሴታም (60 ሚሊግራም በኪሎ)፣ ፎስፌኒቶይን (20 ሚሊግራም በኪሎ) ወይም ቫልፕሮኤት (40 ሚሊግራም በኪሎ) በ10 ደቂቃ ውስጥ ተሰጣቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጣቸው ቆሞ የተሻላቸው 47፣ 45 እና 46 በመቶ ነበሩ። በሌላ አነጋገር ሦስቱ እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ግማሽ ያህሉን ሕሙማን አይረዱም። ይህ ውጤት ተስፋ የሚያስቆርጥ ቢመስልም ለአነስተኛ ሆስፒታል መልካም ዜና አለው። በእጅ ያለውን መድኃኒት፣ በትክክለኛ መጠን፣ ቶሎ መስጠት ውዱን መድኃኒት ፍለጋ ከመባዘን ይሻላል።

እኩልነቱ ግን በማስቆም ኃይላቸው ነው። ለማን እንደሚስማሙ ሲታይ ይለያያሉ። ሌቬቲራሴታም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ብዙም አይጋጭም፤ በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይቀነሳል፤ አንዳንዱን ሰው ቁጡ ወይም ጭንቀታም ያደርጋል። ቫልፕሮኤት ልብና የደም ግፊትን ብዙም አይነካም፤ የጉበት ሕመም ላለበት ግን አይሆንም። ከሜሮፔኔምና ከመሰል ፀረ ተሕዋስያን ጋር ሲሰጥ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መጠኑ በጣም ይወርዳል፤ የሳንባ ምች ወይም የደም መመረዝ የያዘው ሕመምተኛ ሜሮፔኔም ተጀምሮለት መንቀጥቀጡ ቢመለስ አንዱ ሊጠረጠር የሚገባው ምክንያት ይህ ነው።

ፌኒቶይን፦ ፍጥነት የሚገድልበት መድኃኒት

ፌኒቶይን በርካሽነቱ ዛሬም በብዙ አገሮች በስፋት ይሠራበታል፤ አሰጣጡ ግን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በውሃ በቀላሉ ስለማይሟሟ መርፌው የሚዘጋጀው በፕሮፒሊን ግላይኮልና በአልኮል ውስጥ ነው፤ ፒኤቹም ወደ 12 ይጠጋል። ይህ ለቤት ማጽጃ ከምንጠቀምበት በረኪና ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ከደም ሥሩ ውጭ ቢፈስ ሥጋን ያቆስላል፤ በእጅ ጀርባ ባለ ቀጭን ሥር ሲሰጥ አልፎ አልፎ እጁ ወይን ጠጅ መስሎ ያብጣል። የሚመረጠው በክንድ ላይ ያለ ወፈር ያለ የደም ሥር ነው።

ሌላው ጉዳይ የሚቀላቀልበት ፈሳሽ ነው። በአገራችን ከከረጢት የሚንጠባጠበውን ማንኛውንም ፈሳሽ «ጉሉኮስ» ማለት ልማድ ነው። ፌኒቶይን ግን በእውነተኛው ግሉኮስ ውስጥ ከተጨመረ ደቅቆ እንደ አሸዋ ይረጋል። የሚቀላቀለው ከኖርማል ሳላይን ማለትም 0.9 በመቶ ጨው ካለው ውሃ ጋር ብቻ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ቀድሞ ግሉኮስ ካለፈም በሳላይን መታጠብ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ፍጥነቱ ይጠበቃል። ለአዋቂ ከፍተኛው ፍጥነት በደቂቃ 50 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በኪሎ 20 ሚሊግራም ቢታዘዝለት 1200 ሚሊግራም ይሆናል፤ ይህም ቢያንስ 24 ደቂቃ ይፈጃል። ለአረጋውያንና ለልብ ሕሙማን ፍጥነቱ ከዚህም ዝቅ ይላል። በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ የልብ ምት በማሳያ፣ የደም ግፊትም በየጥቂት ደቂቃው ይታያል፤ ግፊቱ ከወረደ ፍጥነቱ ይቀነሳል ወይም ይቆማል። ፎስፌኒቶይን የተሠራው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። በውሃ ይሟሟል፣ ሥጋ አያቃጥልም፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ፌኒቶይን ይለወጣል፤ በደቂቃ እስከ 150 ሚሊግራም ሊሰጥም ይችላል። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። መጠኑም የሚጻፈው በራሱ ክብደት ሳይሆን በሚያስገኘው ፌኒቶይን ስለሆነ የሁለቱ ቁጥር ተምታቶ ለሞት ያደረሰበት ጊዜ አለ።

ፌኒቶይን በቀጣዮቹ ቀናትም ያስቸግራል። ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግደው እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው በሰዓት የሚፈጨው የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በላይ እህል ከመጣ ይከመራል። መጠኑ ትንሽ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ክምችት በብዙ እጥፍ ሊጨምር የሚችለው ለዚህ ነው። የሚፈለገው በአንድ ሚሊሊትር ከ10 እስከ 20 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ከዚያ ሲያልፍ ዓይን ይዋልላል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል። አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በደሙ ባነሰበት ሰው፣ ለምሳሌ በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ባለ፣ ከፕሮቲን ያልተጣበቀው የመድኃኒቱ ክፍል ስለሚበዛ ጠቅላላ ቁጥሩ ደኅና መስሎ ሳለ መመረዝ ሊኖር ይችላል።

ሁለቱም ደረጃዎች ካልሠሩ

ሕመምተኛው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይዛወርና በሚዳዞላም፣ በፕሮፖፎል ወይም በኬታሚን እንዲተኛ ይደረጋል፤ መተንፈሻ ቱቦ ይገባለታል። ኬታሚን በቅርብ ዓመታት ትኩረት ያገኘው ከላይ የተጠቀሱትን አነቃቂ ተቀባዮች ስለሚዘጋ ነው። በዚህ ደረጃ ሰውነቱ ባይንቀሳቀስም አንጎሉ ገና በመናወጥ ላይ ሊሆን ስለሚችል የአንጎል ኤሌክትሪክ መለኪያ ያስፈልጋል።

መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም

የተወሰኑ ምክንያቶች የራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ እነርሱን ሳያዩ ወደ ፌኒቶይን መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው። የደም ስኳር በጣት ጠብታ መለካት ከሰከንዶች አይበልጥም፤ ስኳሩ ከወረደ መድኃኒቱ ግሉኮስ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን አይሶኒያዚድ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ6 ነው። በነፍሰ ጡርነት ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው ኤክላምፕሲያ ደግሞ የሚታከመው በማግኒዥየም ሰልፌት ነው። በ1995 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ማግኒዥየም መንቀጥቀጡ እንዳይመለስ በመከላከል ዳያዜፓምንም ፌኒቶይንንም በግልጽ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በአዲስ የተወለዱ ሕፃናት ላይ የመጀመሪያው ምርጫ ፌኖባርቢታል ነው።

ለማይግሬን

ማይግሬን ራስ ምታትና የሚጥል በሽታ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ቢሆኑም ሁለቱም ከመጠን በላይ ከሚነቃ አንጎል ጋር የተያያዙ ናቸው። ቫልፕሮኤትና ቶፒራሜት በክኒን መልክ ማይግሬን እንዳይመላለስ ለመከላከል ከተፈቀዱ ቆይተዋል። ከዚያ በመነሣት አንዳንድ ሐኪሞች በድንገተኛ ክፍል የጀመረን ማይግሬን ለማስቆም ቫልፕሮኤትን በደም ሥር መስጠት ጀመሩ። ሐሳቡ መሠረት አለው። በማይግሬን ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፣ ሕመምተኛውም ያስመልሰዋል፤ የተዋጠ ክኒን ብዙ ጊዜ የትም አይደርስም።

ማስረጃው ግን ከሐሳቡ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። በ2014 የታተመ የኒው ዮርክ ጥናት 330 ሕሙማንን በሦስት ከፍሎ 1 ግራም ቫልፕሮኤት፣ 10 ሚሊግራም ሜቶክሎፕራማይድ ወይም 30 ሚሊግራም ኬቶሮላክ በደም ሥር ሰጣቸው። ከ0 እስከ 10 በሚለካው የሕመም መጠን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቫልፕሮኤት 2.8፣ ኬቶሮላክ 3.9፣ ሜቶክሎፕራማይድ 4.7 ነጥብ ቀነሱ። ተጨማሪ ማስታገሻ ያስፈለጋቸው ቫልፕሮኤት ከወሰዱት 69 በመቶ ሲሆኑ ሜቶክሎፕራማይድ ከወሰዱት 33 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሜቶክሎፕራማይድ ማስታወክን የሚከላከል ርካሽ መርፌ ነው። የአሜሪካ የራስ ምታት ማኅበር በ2016 መመሪያው ሜቶክሎፕራማይድን፣ ፕሮክሎርፔራዚንንና ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሱማትሪፕታንን አስቀድሞ፣ ቫልፕሮኤትን «ሊሰጥ ይችላል» ከሚባሉት ጋር መድቦታል።

ስለዚህ ቦታው የሚገኘው እነዚያ ላልሠሩለት ወይም ለማይስማሙት ሰው፣ በተለይም ከ72 ሰዓት በላይ አልለቅ ላለ ማይግሬን ነው። በዚህ ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም የሚሆነው በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ማይግሬን በብዛት የሚያጠቃው በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ነው፤ ቫልፕሮኤት ደግሞ ለፅንስ እጅግ አደገኛ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በእርግዝና ጊዜ በቋሚነት ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ ልጆች 10 በመቶ ያህሉ የአካል ጉድለት፣ የኅብለ ሰረሰር ክፍተትን ጨምሮ፣ ይገጥማቸዋል፤ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ እድገት ችግር ይታይባቸዋል። ሕይወትን ለማዳን የሚሰጥ መድኃኒት ሌላ ሚዛን አለው፤ ለራስ ምታት ግን ሌሎች የተሻሉ መርፌዎች እያሉ ለነፍሰ ጡር ቫልፕሮኤት አይሰጥም፤ ከመሰጠቱ በፊትም እርግዝና መኖሩ ይጣራል።

መዋጥ ላልቻሉ ሕሙማን

ከድንገተኛ ክፍል ይልቅ በተኝቶ መታከሚያ ክፍሎች የሚያጋጥመው ሁኔታ ይህ ነው። ለቀዶ ሕክምና እንዲጾም የተደረገ፣ የሚያስመልሰው፣ ወይም በስትሮክ መዋጥ የተሳነው ሰው የዘወትር መድኃኒቱ ቢቋረጥበት መንቀጥቀጡ ይመለሳል፤ መድኃኒት ማቋረጥ ከስታተስ ኤፒለፕቲከስ ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ ነው። ሌቬቲራሴታም፣ ላኮሳማይድና ቫልፕሮኤት በክኒን የሚወሰደውን ያህል የቀን መጠን ይዘው ወደ ደም ሥር ይዛወራሉ፤ ቫልፕሮኤት ግን በቀን ውስጥ ቶሎ ቶሎ ተከፋፍሎ ይሰጣል። መዋጥ ሲመለስ መርፌው ይቆማል፤ በክንድ ላይ የቆየ ካኑላ የራሱን ኢንፌክሽን ያመጣልና።

በኢትዮጵያ

የነርቭ ሐኪሙ ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ አካባቢ ቤት ለቤት ሄደው ባደረጉትና በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ከ1000 ሰዎች 5 ያህሉን እንደሚይዝ አሳይተዋል። በአገሪቱ የሕክምና ተቋማት በስፋት የሚታወቁት ዳያዜፓም፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ናቸው። ፌኖባርቢታል መንቀጥቀጥን እንደሚገታ ጀርመናዊው አልፍሬድ ሃውፕትማን ያሳወቀው በ1912 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በደም ሥር ሲሰጥ በኪሎ ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ሆኖ ቀስ ብሎ ይገባል። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ2 እስከ 5 ቀን ስለሚወስድ ሕመምተኛው መንቀጥቀጡ ከቆመም በኋላ ለረጅም ሰዓት ሊያንቀላፋ ይችላል፤ በተለይ ዳያዜፓም ቀድሞ የተሰጠው ከሆነ አተነፋፈሱ በቅርብ ይጠበቃል።